ምስክር የሌለው ፊርማ ስንት ያወጣል?

በ2022 (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሶዝቢስ የተባለው የጨረታ ድርጅት ለንደን ላይ አንድ ያገለገለ የእግር ኳስ ማሊያ በ7.1 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ። ማሊያው ዲዬጎ ማራዶና በ1986 የሜክሲኮ የዓለም ዋንጫ በእንግሊዝ ላይ ሁለቱን ጎሎች፣ አንዷን በእጁ ሌላዋን በእግሩ፣ ሲያገባ ለብሶት የነበረው ነው። ዕቃው እንደ ዕቃ ከታየ ርካሽ ነው። የአርጀንቲና ቡድን ይዞት የሄደው ማሊያ ለሜክሲኮ ሙቀት ስለከበደ ከጨዋታው በፊት በጥድፊያ ከከተማው ሱቅ ተገዝቶ ቁጥር የተለጠፈበት ጨርቅ ነው። ታዲያ ገዢው ሰባት ሚሊዮን ፓውንድ የከፈለው ለምኑ ነው? ለጨርቁ አይደለም፤ ለፊርማም አይደለም። የከፈለው ለእርግጠኝነት ነው።

እርግጠኝነቱ የተገነባው እንዲህ ነው። ከማራዶና ጋር ማሊያ የተለዋወጠው የእንግሊዙ ተጫዋች ስቲቭ ሆጅ ነበር። ሆጅ ማሊያውን ይዞ አገሩ ገባ፤ ኋላም ለ20 ዓመት ያህል ለእንግሊዝ ብሔራዊ የእግር ኳስ ሙዚየም አውሶት ቆየ። ስለዚህ ከሜዳ እስከ ጨረታ አዳራሽ ድረስ ማሊያው በማን እጅ እንደነበረ የማይታወቅበት ጊዜ የለም። ያም ሆኖ ሽያጩ ሲታወጅ ከማራዶና ቤተሰብ በኩል ተቃውሞ ተነሣ፤ ማሊያው በመጀመሪያው አጋማሽ የተለበሰ እንጂ ጎሎቹ የገቡበት አይደለም ተባለ። ድርጅቱ የጨዋታውን ፎቶግራፎች ከጨርቁ ጋር ነጥብ በነጥብ አስተያይቶ መልስ ሰጠ። የመኪና ነጋዴ የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር እንደሚያስተያየው ማለት ነው። ጨረታው ቀጠለ፤ ዋጋውም የሰማነው ሆነ።

ይህን ማንሣታችን ወደ ሌላው፣ እጅግ ሰፊ ወደሆነው ገበያ ለመሻገር ነው። እሱም በኳስ፣ በማሊያ፣ በጓንት፣ በጫማና በፎቶግራፍ ላይ የሰፈረ የስፖርተኛ ፊርማ የሚሸጥበት ገበያ ነው። ወደዚህ ገበያ ገንዘብ የሚያስገባ ኢትዮጵያዊ፣ አገር ውስጥ ያለውም ሆነ ውጭ የሚኖረው፣ ከሁሉ በፊት ሊያውቀው የሚገባው አንድ ነገር አለ። በዚህ ገበያ የሚሸጠው ቀለሙ ሳይሆን ምስክሩ ነው።

የዚህ ገጽ አንባቢዎች አብዛኞቹ ነጋዴዎችና ደላሎች ስለሆኑ ነገሩን በሚያውቁት ምሳሌ ላስረዳ። ቤት ሲሸጥ ሻጭና ገዢ ውልና ማስረጃ ቀርበው፣ መታወቂያቸውን አሳይተው፣ በሹሙ ፊት ይፈርማሉ። ሱቅ በረንዳ ላይ የተፈረመ ወረቀት ይዞ ቤቱ የእኔ ነው የሚል ሰው ቢመጣ ማንም ባለገንዘብ ዞር ብሎ አያየውም። ቼክም እንደዚሁ ነው፤ የባንኩ ሠራተኛ ብር ከመቁጠሩ በፊት ፊርማውን ከናሙና ካርዱ ጋር ያስተያያል። ይህን ያህል ጠንቃቃ የሆነው ነጋዴ ታዲያ ከዱባይ ወይም ከዋሽንግተን ሲመለስ በመስታወት የታሰረ፣ ደረቱ ላይ በወፍራም ቀለም የተሞነጫጨረበት ማሊያ ተሸክሞ ይመጣል። ሲፈረም ማን አየ? ቢባል መልሱ ከጀርባው የተለጠፈው ወረቀት ነው። ወረቀቱን የጻፈው ማነው? ቢባል ሻጩ ራሱ ነው። ወርቅ ላበደረ ጠጠር የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ጥርጣሬው የዚህ ጸሐፊ ብቻ አይደለም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ ፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍ.ቢ.አይ.፣ ቺካጎ ላይ የሐሰት ፊርማ የሚቸበችቡ ሰዎችን ተከታትሎ ያዘ። ያ ምርመራ ወደ ካሊፎርኒያ መራና በ1997 ሳንዲያጎ ላይ ኦፕሬሽን ቡልፔን የተባለው ትልቁ ክትትል ተጀመረ። በዚያው ከተማ የሚጫወተው ስመ ጥሩ የቤዝቦል ተጫዋች ቶኒ ግዊን፣ በገዛ ቡድኑ ስታዲየም ሱቅ ውስጥ በስሙ የተፈረሙ ዕቃዎች ሲሸጡ አይቶ ይህ የእኔ እጅ አይደለም አለ። ባለፊርማው በሕይወት ባለበት፣ በሚሠራበት ግቢ፣ ቡድኑ በሚያስተዳድረው ሱቅ! ወንጀለኞቹ ዓይናቸውን ያላሹ እንደነበሩ ከዚህ ይገባናል።

በ1999 በበርካታ ክፍለ ግዛቶች በአንድ ጊዜ ፍተሻ ተደረገ። ፊርማውን የሚጽፈው፣ ኳሱን የሚያቀርበው፣ ወረቀቱን የሚያትመው፣ በጅምላ የሚያከፋፍለው፣ በችርቻሮ የሚሸጠው፣ እያንዳንዱ የሥራ ድርሻ ያለው ሙሉ የንግድ ሰንሰለት ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻ 63 ሰዎች ተከስሰው ጥፋተኛ ሆኑ። ኤፍ.ቢ.አይ. በገዢዎች ላይ የደረሰውን ኪሳራ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገምቶታል። የዘርፉ ባለሙያዎች በወቅቱ ለመርማሪዎቹ በሰጡት ግምት፣ በገበያ ላይ ካለው እጅግ ተፈላጊ የሆኑ ስፖርተኞች ፊርማ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሐሰት ነበር። ከተያዙት ዕቃዎች መካከል በእማሆይ ቴሬዛ ስም የተፈረመ የቤዝቦል ኳስ ይገኝበታል። የካልካታዋ እናት ቤዝቦል የት ያውቃሉ ብሎ የጠየቀ ገዢ አለመኖሩ ነው የሚያስገርመው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ለነጋዴ የሚጠቅመው ክፍል ግን ሌላ ነው። ሐሰተኛው ዕቃ ሁሉ የምስክር ወረቀት ነበረው። ማኅተም ያለው፣ ቁጥር ያለው፣ በወፍራም ወረቀት ላይ ያማረ ጽሑፍ የታተመበት። ፊርማ አስመስሎ ለሚጽፍ ሰው ወረቀት ማተም ምኑ ይከብደዋል? «ሰርተፊኬት አለው» የሚለው ቃል በዚህ ገበያ የሚያረጋጋ ሳይሆን ቀጣዩን ጥያቄ የሚያስጠይቅ መሆን አለበት።

ቀጣዩ ጥያቄ ሰርተፊኬቱ የምን ዓይነት ነው የሚለው ነው። ከሁሉ ዝቅተኛው አሁን ያነሣነው፣ ሻጩ ስለራሱ ዕቃ የጻፈው ነው። ዋጋው የሻጩን ስም ያህል ነው፤ ሻጩ ነገ ሱቁን ከዘጋ ወረቀቱም አብሮ ይዘጋል። ከዚያ ከፍ የሚለው የሦስተኛ ወገን አስተያየት ነው። ከ1998 ጀምሮ ፒ.ኤስ.ኤ.፣ በኋላም ጄ.ኤስ.ኤ. የሚባሉ የአሜሪካ ድርጅቶች ክፍያ ተቀብለው ፊርማን እየመረመሩ ይህ እውነት ይመስለናል ወይም አይመስለንም ይላሉ። የሚያስተያዩት ካከማቹት ናሙና ጋር ነው፤ የባንኩ ካርድ ማለት ነው። ሥራቸው ጠቃሚ ነው፣ ገበያውም ይቀበላቸዋል፤ ሆኖም የሚሰጡት አስተያየት እንጂ ምስክርነት አለመሆኑን ገዢው መርሳት የለበትም። ሲፈረም አላዩም።

ከሁሉ በላይ ያለው ዓይን ያየው ነው። ከላይ የተጠቀሰው የሳንዲያጎ ጉድ ከወጣ በኋላ የአሜሪካው ሜጀር ሊግ ቤዝቦል በ2001 አንድ አሠራር ዘረጋ። በየጨዋታው አረጋጋጭ ሰው ይቀመጣል፤ ብዙዎቹ የፖሊስነት ልምድ ያላቸው ናቸው። የሚያረጋግጡት በዓይናቸው ያዩትን ብቻ ነው። ኳሱ ከሜዳ ሲወጣ ወይም ተጫዋቹ ሲፈርም እዚያው ቁጥር ያለው የሚያብረቀርቅ ተለጣፊ ይለጠፍበታል፣ ቁጥሩም መዝገብ ላይ ይገባል። ተለጣፊው ሲላጥ ስለሚበላሽ ከአንዱ ኳስ ወደ ሌላው አይዛወርም። ገዢው ከ20 ዓመት በኋላ ቁጥሩን ይዞ መዝገቡን መጠየቅ ይችላል። ከዚያ በፊትም በ1992 አፐር ዴክ የተባለው ኩባንያ ከማይክል ጆርዳን ጋር ተዋውሎ፣ ፊርማውን በራሱ ሰዎች ፊት እያስፈረመ በቁጥር መሸጥ ጀምሮ ነበር። ሁለቱ ኳሶች ጎን ለጎን ቢቀመጡ ቀለማቸው አንድ ነው፤ የዋጋ ልዩነታቸው የተለጣፊዋ ነው።

አሁን ደግሞ እውነተኛ ፊርማ ሁሉ ትርፍ ያመጣል ወይ የሚለውን እንይ። አያመጣም። ዛሬ ያሉት ኮከቦች በውል፣ በገንዘብ፣ በአንድ ቁጭታ ብዙ መቶ ዕቃ ይፈርማሉ። አቅርቦቱ የማይደርቅ ነው። በሕይወት ያለና መፈረም የሚወድ ስፖርተኛ ፊርማ ለልጅ ስጦታ ይሁን እንጂ ካፒታል ማስቀመጫ አይደለም። «ለእገሌ፣ በፍቅር» የሚል ስም የተጨመረበት ዕቃ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ስም ከሌለበት ባነሰ ዋጋ ይሸጣል፤ ምክንያቱም ሁለተኛው ገዢ እገሌ አይደለምና። ግን ባለፊርማው በሞተና ፊርማው በማይገኝ ጊዜ ያችው ስም ማስረጃ ሆና ልትጠቅም ትችላለች። ሰውዬው ማን ነበር? መቼ ተገናኙ? ብሎ ለመከታተል መነሻ ትሆናለችና።

የድሮ ነው የሚባለውም ቢሆን በራሱ ዋስትና አይሆንም። በአሜሪካ የቤዝቦል ቡድኖች ዘንድ የመልበሻ ክፍል ልጆች በተጫዋቾቹ ስም ኳስ መፈረማቸው የታወቀ ነበር። ኮከቡ ሲደክመው ልጁ ይፈርምለታል። ኳሱ የዘመኑ ነው፣ ቀለሙ የዘመኑ ነው፣ የተገኘውም ከቡድኑ ነው፤ እጁ ብቻ የሌላ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ዕቃ አያቱ ከስታዲየም አምጥቶ ያወረሰው ሰው ቢምል እውነቱን ነው፤ መሐላው ግን ዋጋ አያወጣም።

ወጪውንም ማስላት ያስፈልጋል። በእኛ አገር ቤት የሚያሻሽጥ ደላላ 2 በመቶ ሲጠይቅ ስንት ክርክር ይነሣል! ታላላቆቹ የጨረታ ድርጅቶች ከገዢ ብቻ በመዶሻው ዋጋ ላይ ከ20 በመቶ በላይ ያስከፍላሉ። ይህ ማለት ዛሬ ገዝቶ በማግሥቱ በዚያው ዋጋ የሚሸጥ ሰው አምስተኛውን ያህል ገንዘብ አጥቷል ማለት ነው። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ወይም የሱቅ ማንቀሳቀሻ የሆነን ብር እዚህ ውስጥ መክተት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ አንባቢው ታዲያ ለምን አነሣኸው ሊለኝ ይችላል። ያነሣሁት እኛ በዚህ ገበያ ገዢ ብቻ ሳንሆን ባለዕቃ ስለሆንን ነው።

ሮጀር ባኒስተር በ1954 አንድ ማይልን ከ4 ደቂቃ በታች ሲሮጥ ያደረገው ጫማ በ2015 ለንደን ውስጥ በክሪስቲስ ጨረታ ቀረበ። ግምቱ ከ30 እስከ 50 ሺህ ፓውንድ ነበር። በ266,500 ፓውንድ ተሸጠ። ለምን? ሻጩ ራሱ ባኒስተር ነበርና። 61 ዓመት ሙሉ በባለቤቱ እጅ የቆየ ጫማ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል? ከዚያ በፊት በ2012 የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ማራቶን አሸናፊ ግሪካዊው ስፒሪዶን ሉዊስ በ1896 የተሸለመው የብር ዋንጫ ከ540 ሺህ ፓውንድ በላይ አውጥቷል። የሩጫ ቅርስ ገበያ አለው ማለት ነው። በሩጫ ደግሞ ማን እንደሚበልጥ ለዓለም መንገር አያስፈልገንም።

አበበ ቢቂላን እንውሰድ። በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። (ስለዚህ አበበ ሮም ላይ የሮጠበት ጫማ ነው የሚል ሰው ከመጣ ዋጋ መጠየቅ ሳይሆን በር ማሳየት ነው።) በ1961 አቴንስ፣ ኦሳካና ኮሺትሴ ላይ አሸነፈ። በ1963 ቦስተን ላይ አምስተኛ ወጣ። በ1964 ቶኪዮ ላይ በ2:12:11 ሁለተኛውን ወርቅ አገኘ። በ1969 በመኪና አደጋ ሽባ ሆነ፤ ከዚያ በኋላም እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል በአካል ጉዳተኞች ውድድር ቀስት ወረወረ። በ1973 በ41 ዓመቱ ዐረፈ። እንግዲህ የዓለም ሰው ፊርማውን ሊጠይቀው የሚችልበት ጊዜ ከሮም እስከ ዕረፍቱ 13 ዓመት ብቻ ነው። ያውም ፊርማ በውልና በጅምላ የሚመረትበት ዘመን ሳይመጣ። ከእንግዲህ አንድም አይጨመርም። በገበያ ሰው ቋንቋ ይህ የተዘጋ አቅርቦት ይባላል።

ቀጥሎ ግን ናሙናው የት አለ የሚለው ይመጣል። አሜሪካዊው መርማሪ የቤብ ሩትን ፊርማ ሲመረምር ከቼክ፣ ከውል፣ ከደብዳቤ የተሰበሰበ ናሙና አለው። የአበበ፣ የማሞ ወልዴ፣ የምሩጽ ይፍጠር እጅ ናሙና መሰብሰብ ያለበት ማነው? በፊደላችን ነው የፈረሙት ወይስ በላቲን? በወጣትነትና በኋላ ዕድሜ እጃቸው ምን ያህል ተለወጠ? ከአደጋው በፊት የተፈረመው ከአደጋው በኋላ ከተፈረመው በምን ይለያል? ይህን የሚመልሰው በቤተሰብ ሣጥን፣ በመሥሪያ ቤት ፋይል፣ በጡረታ ሰነድ፣ በባንክ ካርድ ላይ ያለ ወረቀት ነው። ጃፓኖች ከታዋቂ ሰው ፊርማ የሚቀበሉበት ሺኪሺ የሚባል አራት ማዕዘን ወፍራም ካርቶን አላቸው፤ ከኦሳካና ከቶኪዮ በኩል የሚመጣ ዕቃ ቢኖር በእንዲህ ያለ ላይ ሊሆን ይችላል። ግን አንድ የእኛ ሰው ናሙናውን ይዞ ካልቀረበ የካሊፎርኒያው መርማሪ የፊደልን ጽሕፈት በምን ይፈርዳል? «ሀ»ን ከ«ሐ» ለመለየት የማይችል ባለሙያ የአንድን ሰው «ሀ» ከሌላው ሰው «ሀ» ሊለይ አይችልም።

ይህ ክፍተት ሁለት ነገር ያመጣል። አንደኛ፣ እውነተኛው ዕቃ በርካሽ ይወጣል። ባለቤቱ ማስረጃ የለውም፣ ገዢው ደግሞ ማስረጃ የለህም ብሎ ዋጋ ይሰብራል፤ ማስረጃውን በኋላ እሱ ራሱ ይሠራለታል። ሁለተኛ፣ ሐሰተኛው በቀላሉ ይገባል። ናሙና በሌለበት ገበያ አስመሳይ የሚፈራው የለም። የጫት፣ የቡናና የቆዳ ነጋዴው ደረጃ የሌለው ምርት በገበያ ምን እንደሚደርስበት ስለሚያውቅ ይህን ማስረዳት አያሻውም።

አሁን ወደ ጥበቃው። ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው በአስመሳይ ብቻ ሳይሆን በገዛ እጃችንም ነው።

ከሁሉ በፊት ላሚኔት። እኛ አገር ውድ ወረቀት ሁሉ፣ ዲግሪውም የልደት ካርዱም፣ ላሚኔት ይደረጋል። ለመታወቂያ ይሁን። የተፈረመበት ፎቶግራፍ ግን ላሚኔት ሲደረግ ሙጫና ሙቀት ከቀለሙ ጋር ለዘላለም ያጣብቁታል፤ መርማሪ ቀለሙን ሊያየው አይችልም፣ ማላቀቅም አይቻልም። ዕቃው እዚያው ማሽን ውስጥ ዋጋውን ትቶ ይወጣል። በአሜሪካም የቀድሞ ሰብሳቢዎች ኳሳቸውን ለመጠበቅ ብለው በቫርኒሽ ይቀቡት ነበር። ቫርኒሹ በጊዜ ብዛት ቡናማ ሆኖ ብዙ ጥሩ ኳስ አበላሽቷል።

ከዚያ ፀሐይ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ጨረሩ ይበረታል። ሳሎን ውስጥ በመስኮቱ ትይዩ የተሰቀለ ማሊያ እንግዳ ያስደስታል፣ ፊርማው ግን በጥቂት ዓመት ወደ ሐምራዊ፣ ከዚያም ወደ ምንም ይለወጣል። የማርከር ቀለም ከእስክሪብቶ ቀለም ይልቅ ቶሎ ይለቃል። የግድ የሚሰቀል ከሆነ ፀሐይ በማይደርስበት ግድግዳ ላይ፣ ከተገኘም ጨረር በሚከላከል መስታወት፣ መስታወቱም ዕቃውን ሳይነካ ይሁን። ፍሬም ሠሪውን ከጀርባ በማስቲሽና በፕላስተር እንዳይለጥፈው አስቀድሞ መንገር ነው፤ ማሊያ በክር ይሰፋል፣ ፎቶግራፍ በማዕዘን መያዣ ይያዛል። የሚደገፍበትም ካርቶን ተራው ቢጫ የሚሆነው ሳይሆን አሲድ የሌለው መሆን አለበት።

ክረምቱም አለ። ሐምሌና ነሐሴ ግድግዳው ላብ ያወጣል፤ ከውጭ ግድግዳ ጋር የተጠጋ ቁም ሣጥን ውስጥ የታጠፈ ማሊያ ሻጋታ ያበቅላል። ጥሩው ሁኔታ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ገደማ፣ እርጥበቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ የሆነ፣ የማይለዋወጥ ቦታ ነው። ይህን በመሣሪያ መጠበቅ የማይችል ሰው ቢያንስ ከወጥ ቤትና ከመታጠቢያ ቤት የራቀ፣ በቤቱ መካከል ያለ ክፍል ይምረጥ። አዲስ ሲሆን ጠንካራ ሽታ ያለው ለስላሳ ፕላስቲክ ቀለም እየሳበ ያወጣል፤ ፎቶግራፍ እዚያ ውስጥ አይቀመጥም።

ስለ እስክሪብቶውም ትንሽ። ለቆዳ ኳስ ተራው ሰማያዊ ቢክ እስክሪብቶ ከውድ ማርከር ይሻላል፤ ማርከር ቆዳው ውስጥ እየተሰራጨ በዓመታት ውስጥ ይደፈርሳል። ለማሊያ ግን የማይለቅ ማርከር ነው፤ ከሥሩ ካርቶን አስገብቶ፣ ጨርቁን ወጥሮ ማስፈረም፣ ከዚያ እስኪደርቅ አለማጠፍ። ለጥቁር ጫማ የብር ወይም የወርቅ ቀለም ያለው፣ በመረቡ ላይ ሳይሆን ለስላሳው ጎን ላይ። የተፈረመበት አይታጠብም፤ ላቡም ጭቃውም የዕቃው አካል ነው። የደበዘዘ ፊርማንም በላዩ ላይ መድገም አይገባም። ያን ያደረገ ሰው በገዛ ንብረቱ ላይ ፊርማ አስመስሎ ጽፏል።

ይህ ሁሉ ሲደረግ ግን ከዕቃው ጎን የሚቀመጠው ወረቀት ከዕቃው እኩል ነው። ሯጩ በሚፈርምበት ጊዜ እጁና ዕቃው አብረው የሚታዩበት ፎቶግራፍ ማንሣት፣ ቀኑንና ቦታውን መጻፍ፣ አጠገቡ የነበረ ሰው ስሙን አስፍሮ እንዲፈርም ማድረግ። ወጪው ከአንድ ስኒ ቡና አይበልጥም። አዲስ አበባ ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ ታላቁ ሩጫ የሚካሄድባት ከተማ ናት፤ ስመ ጥር ሯጮች በአንድ ቀን በአንድ ቦታ ይገኛሉ። እዚያው አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ መዝገብ፣ ቁጥር ያላቸው ተለጣፊዎችና ሁለት ምስክሮች ቢቀመጡ፣ ቤዝቦሎቹ የሠሩት አሠራር በእኛ አቅም ተጀመረ ማለት ነው። ቁጥር የተሰጠው የመጀመሪያው ማሊያ የሚሸጠው በውድ ላይሆን ይችላል። በ30ኛው ዓመት የሚጠየቀው ግን መዝገቡ ነው። ለዚህ ሥራ ካፒታል የሚያወጣ ነጋዴ ቢገኝ፣ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት፣ ከባሕር ማዶ ማሊያ ተሸክሞ ከሚመጣው የተሻለ አስልቷል።

ገና ያልዘገየ ምሳሌም አለ። በመስከረም 2023 ትዕግሥት አሰፋ በርሊን ላይ ማራቶንን በ2:11:53 ጨርሳ በወቅቱ የዓለምን ክብረ ወሰን ስትሰብር፣ ከመጨረሻው መስመር ወዲያ ጫማዋን አውልቃ ከፍ አድርጋ ለካሜራ አሳየች። ጫማው አዲዳስ ያወጣው፣ አንዱ እግር 138 ግራም የሚመዝን፣ በመጀመሪያ 521 ጥንድ ብቻ ለሽያጭ የቀረበ፣ የሱቅ ዋጋውም 500 ዶላር የነበረ ነው። ያው ዓይነት ጫማ በሌሎች እጅ አለ። በርሊንን የሮጠው ጥንድ ግን አንድ ነው። ከፍ ተደርጎ የታየው የግራው ነው ወይስ የቀኙ? ጫፉ ላይ የቱ ጋ ተጫረ? ዛሬ በማን እጅ ነው? ባለቤቷም፣ አሠልጣኟም፣ ካሜራ ይዘው የቆሙትም ሁሉ አሁን አሉ። ጠይቆ፣ ፎቶግራፉን ከጫማው ጋር አስተያይቶ፣ ጽፎ፣ አስፈርሞ ፖስታ ውስጥ ማስገባት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።